የእትዬ ይማርሽ ባዶ ማሳ

"በሙከራ ተረጋግጧል" የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። ሳይንስ ጠልቼ አይደለም፤ ስንት ዓመት ደሞዝ በልቼበታለሁ። ግን ሁሉም ተረጋገጠ ይልና ዝም ይላል። በማን ማሳ ተሞከረ? ባለማሳው ያን ዓመት ምን በላ? ብዬ ስጠይቅ "አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ" ይሉኛል። አዎ፣ አበዛለሁ! እትዬ ይማርሽን ያወቀ ሰው ነገር ቢያበዛ አይፈረድበትም።

ስሜ ደሳለ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የመሬት ድልድሉ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ቀጭን ሜዳ ተመደብኩ። ቀጭን ሜዳ ከአሸተን ማርያም ጀርባ፣ ከላሊበላ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ነው። ፈረንጆቹ ገዳሙን አይተው ይመለሳሉ እንጂ እዚያ አይዘልቁም፤ ቢዘልቁም የሚያዩት ገብስና ድንጋይ ነው። በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ "ልማቱ" ነበር የሚሉኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ጫማዬ አዲስ ነው፣ የማላውቀው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ያ አገር በሩን መዝጋት ነበረበት።

እትዬ ይማርሽ ያኔ አምሳ ሳይሞላቸው አይቀርም። ባላቸው በደርግ ጊዜ ለዘመቻ ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ንጋት የምትባል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ያገኙኝ ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ልማቱ፣ ይህን ጫማ ማን ሊያርስበት ነው የገዛልህ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ተናደድኩ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃቸው ሳላልፍ አልውልም።

የሰው እጅ ማየት አይወዱም። በደቦ ያረሱላቸውን ሰዎች ጠላ ሳያጠጡ አይሸኙም፤ ቤታቸው ብቅል ከሌለ ደቦውን ያስቀራሉ። አንድ ጊዜ ቀበሌው ለእርዳታ ስንዴ ሲመዘግባቸው ከሰልፉ ወጥተው ሊቀመንበሩን "ከእኔ የባሰ ሳይኖር ቀርቶ ነው?" አሉት። ሊቀመንበሩ "እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" ብሎ ስማቸውን ሰረዘው። እሳቸውም ባዶ ስልቻቸውን አጥፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ በዚህ በጣም አደነቅኋቸው። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ እሱባለው የሚባል ተመራማሪ ከምርምር ማዕከል መጣ። አዲስ የገብስ ዘር ይዟል። ዘሩ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሚፈልግ በአራት ቦታ ሊሞክር ነው፤ አንዱ ቦታ የእኛ ነው። ሦስት ጎን ለጎን የሆኑ፣ አፈራቸው አንድ ዓይነት የሆነ ማሳዎች ፈልግ አለኝ። ፈልጌ አገኘሁ፤ የአያ ኢያቄም፣ የሰጠኝና የእትዬ ይማርሽ። አያ ኢያቄም የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰጠኝ ጎልማሳ ገበሬ ነው፣ ሚስቱ ብርቄ ትባላለች። የሁለቱ ማሳ ሰፊ ስለሆነ ለሙከራው ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር ቢሰጡ ሌላ ይተርፋቸዋል። የእትዬ ይማርሽ ግን ሃያ በሃያው ሲለካ የተረፈው ጠርዙ ብቻ ነበር። ሌላው መሬታቸው ገደል ሥር ያለ ጭንጫ ነው። ይህን አይቻለሁ፤ አይቼም "ይሆናል" አልኩ።

ማብራራቱ የኔ ሥራ ነበር። ሦስቱን ከነብርቄ አስቀመጥኳቸውና እንዲህ አልኳቸው፤ "አንዲት ሴት ሁለት ድስት ወጥ ትሠራለች እንበል። ሽሮው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ እሳቱ አንድ፣ የምታማስለው እጅ አንድ። ጨዉን ብቻ በአንዱ ታበዛለች፣ በሌላው ታሳንሳለች። ጣዕሙ ከተለያየ ጥፋቱ የማን ነው?"

"የጨዉ ነዋ" አለች ብርቄ።

"እሳቱንም ብትለውጥስ?"

"ያኔማ ማን ያውቃል" አሉ እትዬ ይማርሽ።

ገባቸው! ከማሠልጠኛ ጓደኞቼ ቀድመው ገባቸው። እኛ ለውጠን የምንሰጠውን አንዱን ነገር መጽሐፉ ነፃ ተለዋዋጭ ይለዋል፤ በእኛ ሙከራ እሱ ማዳበሪያው ነው። ምርቱ ደግሞ ጥገኛው ነው፣ ያንን ተከትሎ የሚሄደው። የቀረው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። አያ ኢያቄም ሦስቱንም ማሳ በአንድ ጥማድ በሬ እኩል ጊዜ ያርሳሉ፣ በአንድ ቀን ይዘራል፣ በአንድ ቀን ይታረማል። አንዱ ማሳ ሙሉ ማዳበሪያ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ምንም። ምንም የማያገኘው ከሌለ የሌሎቹን ጥቅም በምን እናውቃለን? ባዶው ማሳ መለኪያው ነው አልኳቸው።

ለማን ምን ይድረስ በሚለው ላይ እሱባለው "እኛ ከመረጥን አድልዎ ይገባል፣ ዕጣ ይጣል" አለ። ወረቀት ጠቅልዬ በባርኔጣዬ ውስጥ አቀረብኩ። አያ ኢያቄም ሙሉ ወጣላቸው፣ ሰጠኝ ግማሽ፣ እትዬ ይማርሽ ባዶ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ከፊቴ አነበቡት። "እንግዲህ ደረሰኝ" አሉና ተነሡ።

አሁን የዚያን አገር ልማድ ልንገራችሁ። እኔ ያኔ አላውቀውም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ባርኔጣዬን ባላወጣሁ። መሬት ሲደለደል በዕጣ ነው። ለአንዱ ለም ይደርሰዋል፣ ለሌላው ጭንጫ። ለም የደረሰው ሰው ለጎረቤቱ ወይ ከድንበሩ አንድ ትልም ይለቅለታል፣ ወይ የአንድ ዓመት ፍግ ተሸክሞ ያደርስለታል። ማካሻ ይሉታል። ምጽዋት አይደለም፣ ማንም አያፍርበትም፤ የማያካስ ሰው ግን ልጁን የሚድርለት አያገኝም። ለእነሱ ዕጣ ባለበት ማካሻ አለ። እኔ ደግሞ ዕጣ ጣልኩላቸው።

ሐምሌ ላይ ለግምገማ ወረዳ ተጠራሁ። ያን ጊዜ ግምገማ እንዴት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አዳራሽ ተቀምጠን እርስ በርስ ስንካሰስ ከረምን፤ አንዱ እኔን "ውጤት የማያመጣ" ብሎ አስመዘገበብኝ። በዚያ ሦስት ሳምንት ቀጭን ሜዳ ላይ አያ ኢያቄምና ሰጠኝ፣ ብርቄም ጭምር፣ ፍግና አመድ በቅርጫት እየተሸከሙ የእትዬ ይማርሽን ማሳ አጠገቡት። እንጨት በሌለበት ደጋ ፍግ ማለት ኩበት ነው፣ ኩበት ማለት እሳት ነው። ክረምቱን በብርድ ተቆራምደው ነው ያካሱት። እትዬ ይማርሽም ተቀበሉ፤ ማካሻ ነዋ።

ኅዳር ላይ አጭደን፣ ወቅተን፣ መዘንን። የአያ ኢያቄም ዘጠና ስድስት ኪሎ፣ የሰጠኝ ሰማንያ ስምንት፣ ባዶው ዘጠና አንድ። እሱባለው ምርቱን ሁለት ጊዜ አስመዘነና ሳቁን መያዝ አቃተው። "ይህ ዘር ማዳበሪያ አይፈልግም ማለት እኮ ነው!" አለኝ። ከቀሩት ሦስት ቦታዎች ሁለቱን በረዶ ጨፍጭፎታል፣ አንዱን ከብት ገብቶበታል። የቀረው የእኛ ብቻ ነው።

እኔ ግን አፈሩን አይቼዋለሁ። ጠቁሯል፤ በጣቴ ሳሸው አመዱ ቀረብኝ። እትዬ ይማርሽን ለብቻቸው "ማሳው ላይ የጨመሩት ነገር አለ?" አልኳቸው። ጎረቤቶቻቸውን እንዳላስወቅስ ሰግተው ነው መሰል "እግዜር ነው የሰጠኝ፣ ልማቱ" አሉ። ቅጹ ላይ "ከማዳበሪያው ሌላ የተለየ ነገር ነበር?" የሚል ጥያቄ አለ። "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ለምን? ውጤት የማያመጣ ተብያለሁ፤ ይኸው ውጤት። ሌላ ምክንያት ልፈልግ ስንት ዓመት ደክሜያለሁ፣ የለም።

ወረዳው በደስታ ፈነደቀ። ማዳበሪያ በዚያ ዳገት በበቅሎ ጭኖ ማውጣት መከራ ነው። በቀጣዩ ሰኔ ለቀበሌው ሁሉ አዲሱ ዘር ያለ ማዳበሪያ ታደለ። የሚታደለው ደግሞ በልዋጭ ነበር፤ ገበሬው ነባሩን ዘሩን አስረክቦ አዲሱን ይወስዳል። ከቤት ቤት እየዞርኩ "አስረክቡ" ያልኩት እኔ ነኝ። በድርቅም በውርጭም ትንሽ ትንሽ የሚሰጠውን የአያት የቅድመ አያት ገብስ ከየጎተራው አውጥተው ሰጡኝ። አንዲት አሮጊት እፍኝ አስቀርታ ስትደብቅ ይዤ ተቆጥቻታለሁ። እጄን በቆረጠው!

አዲሱ ገብስ ነሐሴ ላይ ቢጫ ሆነ። ጉልበት ሳይደርስ ቀረ። ዛላው ወጣ፤ ስታሸው ገለባ ነው። ኅዳር ላይ ሰው ማጭድ ይዞ ወጣና ከብቱን ለቅቆበት ተመለሰ። ጥር ላይ ሕፃናት መቀበር ጀመሩ። አመተ ሥላሴ የምትባል የመንደሩ እናት ነበረች፤ ጡት ያልጣለ ወንድ ልጇ በጥምቀት ማግስት ሞተ። ጡቷ ደርቆ ነው።

እትዬ ይማርሽ ነገሩ የገባቸው ከእኔ ቀድመው አይደለም፤ እኔ ገብቶኛል፣ ዝም ብያለሁ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። የካቲት ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ድንጋይ ላይ ቆሙ።

"ወገኖቼ ስሙኝ" አሉ። "ባዶ የተባለው ማሳዬ ባዶ አልነበረም። ፍግ በልቷል፣ አመድ በልቷል። እናንተ የዘራችሁበት ወረቀት ውሸት ነው። ውሸቱም የኔ ነው።"

አያ ኢያቄም "እኛ ነን ያካስንሽ፣ አንቺ ምን አደረግሽ!" ብለው ተነሡ።

"እናንተማ አካሳችሁ። ልማቱ ጠይቆኝ እግዜር ነው ያልኩት እኔ ነኝ።"

አመተ ሥላሴ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ነጠላዋን የሐዘን አዘቅዝቃለች። "ልጄ በእርስዎ አመድ ነው የሞተው?" አለቻቸው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እትዬ ይማርሽ ከድንጋዩ ወርደው እግሯ ላይ ወደቁ። አላነሣቻቸውም። እኔ ግንቡ ሥር ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ፣ "አፈሩን አይቼ ነበር" ብል፣ ግማሹ ሸክም ይወርድላቸው ነበር። አልተነፈስኩም። ፈራሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጡ። "በል ተነሥ፣ ወረዳ እንሂድ" አሉኝ። ሄድን። የቢሮው ኃላፊ ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ ሰማቸውና "እናቴ፣ ይህ ሪፖርት ክልል ድረስ ሄዶ የጸደቀ ነው። ሰው በአፉ ስለተናገረ አይሰረዝም። ጥናት የሚሰረዘው በጥናት ነው" አላቸው። ዘንድሮም ዘሩ ያለ ማዳበሪያ ይታደላል፤ ለከርሞ ደግሞ ለጎረቤት ቀበሌዎች ሁሉ ታቅዷል አለ። በመንገድ ስንመለስ እትዬ ይማርሽ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ "ሌሎቹም ቀበሌዎች ሕፃን አላቸው" አሉ።

እሱባለውን በደብዳቤ ጠራሁት። ግንቦት ላይ መጣ፤ ያን ጊዜ እንኳ ሁሉንም አልነገርኩትም፣ የእትዬ ይማርሽን ቃል ብቻ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። "እንደገና መሞከር አለብን፣ በዚያው ቦታ። እስከ ታኅሣሥ ውጤት ከያዝኩ የከርሞውን አስቆማለሁ" አለ። ባዶው ማሳ ግን በትክክል ባዶ መሆን አለበት፤ አንዲት ቅርጫት ፍግ ከገባችበት ማንም አያምነንም።

"ዕጣ አትጣሉ" አሉ እትዬ ይማርሽ። "ባዶው የኔ ይሁን።"

"እንዲህ አይሠራም እናቴ፣ ሥርዓቱ ዕጣ ነው" አላቸው እሱባለው።

"ለሰጠኝ ቢደርስ ማካሻ ይመጣለታል። ማን ያባርረዋል? ለአያ ኢያቄም ቢደርስ አገሩ ሁሉ ያካስላቸዋል። እኔ ግን አባርራለሁ።"

እሱባለው ዞሮ አየኝ። አፈሩም ባለፉት ሁለት ክረምቶች ዝናብ ታጥቦ፣ ገለባው ተግጦ፣ እንደ ሌሎቹ ነጥቷል። እሺ አልን።

ሰኔ ላይ ተዘራ። በዚያው ሰሞን ንጋትን ኩልመስክ ከተማ እኅታቸው ዘንድ ላኳት። "አክስቷ ታማለች፣ ትርዳት" አሉኝ። አመንኩ። ከዚያ በኋላ የቤታቸው ጭስ ቀነሰ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ከማሳው ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ደረስኩ። አያ ኢያቄም፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ቅርጫት አመድ በራሳቸው ተሸክመው ድንበሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ ይማርሽ ዱላ ይዘው ፊታቸው ቆመዋል። "አንዲት እርምጃ እንዳይጨምሩ! በማርያም ይሁንብዎ!" ይላሉ። ሽማግሌው "አይኔ እያየ እንዴት ዝም ልበል፣ ይማርሽ?" ብለው ያለቅሳሉ። ቅርጫቱን ተቀብዬ ራሴ መለስኩላቸው። እትዬ ይማርሽ "አየህ ልማቱ? አልገባም። ጻፍልኝ" አሉኝ። ያኔ ነው ክንዳቸውን ያየሁት። ከዱላው ብዙ አይወፍርም።

ብርቄን ጠየቅኋት። "እህል አይቀበሉንም" አለችኝ። በሶ ወሰድኩ፣ መለሱልኝ፤ ባቄላ ወሰድኩ፣ መለሱልኝ። ሳማና የዱር ጎመን ነው የሚቀቅሉት። የሰጠኝ ወንድም ላሊበላ የፈረንጅ ዕቃ ተሸክሞ ባገኘው ብር ስንዴ ገዝቶ ስለላከ፣ የሰጠኝ ቤት ያን ክረምት ምግብ ነበረው። የአያ ኢያቄምም ልጆች፣ ሌላውም ሰው እንደዚያው ከከተማ ያመጣል። እህል ጠፍቶ አይደለም!

ግማሽ ጆንያ ስንዴ ከራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳላስፈቅድ አስገባሁት። ተነሥተው ጎትተው አወጡት፤ ለማውጣት ሦስት ጊዜ አረፉ።

"ምን ሆነው ነው?" ብዬ ጮህኩባቸው። "ባዶ የተባለው ማሳው ነው እንጂ እርስዎን ማን ባዶ ይሁኑ አለዎት?"

"አንተ" አሉኝ።

"እኔ?"

"የምታማስለው እጅ አንድ ይሁን አላልክም? በአያ ኢያቄም ስንዴ የበረታ እጅ የኔን ማሳ ካረመ፣ ያ ማካሻ አይደለም? ቅርጫቱ በሰውነቴ አልፎ ማሳ ገባ ማለት ነው።"

"አይደለም! እሱ ሌላ ነው!"

"ሌላ መሆኑን በምን አወቅህ? ባለፈውም አመድ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር እኮ።"

ተከራከርኩ። ብዙ ተከራከርኩ። የእጅ ጉልበት ይህን ያህል አይለውጥም፣ ሌሎቹም እየበሉ ነው የሚያርሙት፣ እንዲያውም እኩል የሚሆነው እርስዎም ሲበሉ ነው አልኩ። ትክክሉ ይህ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ነገሩ ግማሹ ሙከራ፣ ግማሹ ንስሐ ነው። የነፍስ አባታቸውን ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ "እኔ ጾም አላዘዝኳትም፣ ብያት ብያት አልሰማችኝም" አሉኝ። የአመተ ሥላሴ ልጅ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ ማን ያጉርሳቸው።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አጥብቄ አልያዝኳቸውም። አራት ሰው ሆነን በግድ ብናጎርሳቸው፣ አንሥተን ኩልመስክ ልጃቸው ዘንድ ብንወስዳቸው እንችል ነበር። ግን ልቤ ውስጥ አንዲት ክፉ ነገር ነበረች። እሳቸው ከሄዱ ማሳውን ማን ይጠብቃል? ሰው ፍግ ይጥልበታል፤ ጥናቱ ይበላሻል፤ የኔም ውሸት እንደተጋደመ ይቀራል። "ከአጨዳ በኋላ ይበላሉ" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጎረቤቶቹንም "እስከ አጨዳ አታስቸግሯቸው፣ ማሳውን እንዳታበላሹ" አልኳቸው። ልማቱ ከተናገረ አለቀ፤ እህል ይዘው መምጣቱን ተዉ።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ። እትዬ ይማርሽ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ይውላሉ። መቆም ሲያቅታቸው ተቀምጠው፣ መቀመጥ ሲያቅታቸው በክንዳቸው ተደግፈው። ምላሳቸው ግን አልሞተም፤ አንድ ቀን ጫማዬ አፉን መክፈቱን አዩና "ተመስገን፣ አሁን ገበሬ መሰልክ" አሉኝ። ሳቅሁና ዞሬ አለቀስኩ። ኅዳር ሲገባ ተስቦ ያዛቸው። ብርቄ ደግፋ ቤት አስገባቻቸው፤ ያኔ እምቢ ለማለት አቅም አልነበራቸውም፣ ግን ውሃ እንጂ እህል አልተቀበሉም። "ታጨደ ወይ?" ነው የሚሉት።

እሱባለው ቀኑን ሊያቆይ ነበር፤ እህሉ ገና አንድ ሳምንት ይቀረዋል። ለመንኩት። "ሦስቱንም እኩል ካጨድን ያው ነው" አለና ማክሰኞ ዕለት ጀመርን። እያንዳንዱን ማሳ እዚያው ወቃነው፣ አነፈስነው፣ ሚዛን ላይ ሰቀልነው። ሙሉው ዘጠና አራት። ግማሹ ስድሳ አንድ። ባዶው ሃያ ሰባት። ሰጠኝ "አቤት!" ብሎ ራሱን ያዘ። እሱባለው ቁጥሩን ጻፈ፤ እንዲህ ዓይነት ንጹሕ ውጤት በሥራ ዘመኑ አላየም። ያ ወረቀት ኋላ ክልል ድረስ ሄደ፤ የከርሞው ዕደላ ቆመ፤ ለቀጭን ሜዳም ነባሩ ዘር ከሌላ አገር ተፈልጎ ተመለሰ። እኔ ግን ያኔ ለወረቀቱ አልቆምኩም።

ሮጥኩ። ብርቄም አያ ኢያቄምም ከኋላዬ ይሮጣሉ፤ በሶ የያዘ፣ ወተት የያዘ። ሰው የሚሰጠውን ነገር ለወራት በጉያው ይዞት የቆየ ይመስል ነበር። አመተ ሥላሴ ሳትቀር በእፍኟ ቆሎ ይዛ መጥታለች።

"ታጨደ" አልኳቸው መደቡ ሥር ተንበርክኬ።

"ስንት ሆነ?"

"የእርስዎ ሃያ ሰባት።"

"የነሱስ?"

"ዘጠና አራት። ስድሳ አንድ።"

"እንግዲህ ጨዉ ነው" አሉ። ከዚያ "ብርቄ፣ በሶውን በጥብጭልኝ" አሏት።

ብርቄ በጠበጠችላቸው። አንድ ጊዜ ጎነጩ፤ ሁለተኛውን መዋጥ አልቻሉም፣ በአገጫቸው ወረደ። አመተ ሥላሴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። እስከ ሐሙስ በማንኪያ ሞከርን። ሐሙስ ረፋዱ ላይ አረፉ።

ንጋት ከኩልመስክ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ሐዘንተኛው ድንኳን ሥር ተቀምጧል፤ አገሩ ያለውን ይዞ መጥቷል፤ እንጀራው፣ ንፍሮው፣ ቆሎው በየሌማቱ ተከምሯል። ልጅቱ መሐል ላይ ቆመችና ያን ሁሉ እህል አየችው። እናቷ ምን ያህል ቀልለው እንደተቀበሩ ነግረዋታል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ወደ እኔ መጣች። "ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እህል ከየት መጣ?"

"ከጎረቤት ነው" አልኳት።

"ድሮም ነበራቸው?"

"ነበራቸው።"

"ታዲያ ለእናቴ እንዳይሰጧት ማን ከለከላቸው?"

አያ ኢያቄም ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን አነሣሁ።

"እኔ" አልኳት።